ወደ ለመድከው ሽጉጥ ስትመለስ፦ እጅህን እንደ አዲስ ማስተማር

ለዓመታት የታጠቁትን ሽጉጥ ትተው ሌላ የሞከሩ ሰዎች፣ የድሮውን መልሰው ሲይዙ የሚሏት አንድ ነገር አለች። «ይሄንንማ እጄ ያውቀዋል» ይላሉ። እኔም ብያለሁ። እጅ ግን የሚያውቀው መጨረሻ ላይ የለመደውን ነው። ይህን የተማርኩት ደንግጬ ነው።

ጎንደር ውስጥ ሲቪል ለባሽ ፖሊስ ሆኜ ሠርቻለሁ። ብዙውን ጊዜ ማካሮቭ ነበር ጃኬቴ ሥር የማደርገው። ከዚያ ጥቂት ወራት ግሎክ ያዝኩ፣ ሁለት ዓመት ያህል ደግሞ ቤሬታ። በመጨረሻ ወደ ማካሮቭ ተመለስኩ። ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ በፈቃድ የያዝኩት የግል ሽጉጤም ማካሮቭ ነው።

ለምን እንደተመለስኩ ባጭሩ ልንገርህ። ቤሬታ 92 ጥሩ ሽጉጥ ነው። 15 ጥይት ይይዛል፣ ሲተኩስም ልስልስ ነው። ግን ርዝመቱ 21 ሴንቲሜትር ከግማሽ ያልፋል፣ ባዶውን ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። ከፒያሳ ወደ ቁስቋም ዳገቱን ስትወጣ ሱሪህን ይጎትታል። ባጃጅ ውስጥ ስትቀመጥ ጎንህን ይወጋሃል። ግሎክ 19 ይቀላል፤ ያለ ካዝና፣ ማለትም ያለ ጥይት መያዣው፣ 600 ግራም ገደማ ነው። እጀታው ግን ለእጄ ወፈረብኝ። ማካሮቭ 16 ሴንቲሜትር ያህል ነው፣ 730 ግራም፣ ቀጭን። የሚይዘው 8 ጥይት ብቻ ነው። ይሄ ጉድለት ነው፣ አልክድም። ሰውነቴ ላይ ተመቻችቶ የሚቀመጠው ግን እሱ ነው። የማይመች ሽጉጥ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያስነካካሃል። ወገቡን የሚነካካ ሰው መታጠቁን ለአገር እየተናገረ ነው።

አሁን ወደ ድንጋጤዬ። ማካሮቩን መልሼ በያዝኩ በመጀመሪያው ሳምንት ተኩስ ልምምድ ወጣን። አምስት ጥይት ተኮስኩ። በአውራ ጣቴ የሴፍቲውን ማንሻ ወደ ታች ጫን አድርጌ ሽጉጡን ማህደሩ ውስጥ ልከት ስል፣ አጠገቤ የነበረ ወጣት ባልደረባዬ ጮኸ። «አያ! መዶሻው!» ጎንበስ ብዬ አየሁ። መዶሻው፣ ሲለቀቅ ጥይቱን የሚያስነሳው ክፍል፣ ወደ ኋላ እንደተወጠረ ነው። ጥይት ገብቷል። ሴፍቲው ክፍት ነው። ምላጩ በጣም ቀሏል። የጃኬቴ ጠርዝ ወይም የማህደሩ ቆዳ ምላጩን ቢነካው ኖሮ ጭኔ ላይ ይባርቅብኝ ነበር።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ቤሬታ ላይ ማንሻውን ወደ ታች ስትጫን ሴፍቲው ይዘጋል፣ መዶሻውም በሰላም ይወርዳል። ማካሮቭ ግልባጩ ነው። ወደ ላይ ስታነሳው ነው የሚዘጋው። እጄ ሁለት ዓመት የለመደውን ሠራ። እኔ የድሮ ወዳጄን የያዝኩ መስሎኛል፣ እጄ ግን ገና ቤሬታ ላይ ነበር።

ስለዚህ ይህ መመሪያ የተሠራው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው። የተመለስክበትን ሽጉጥ ለአንድ ወር እንደማታውቀው ቁጠረው። ምሳሌዬ ማካሮቭ ነው፣ የማውቀው እሱን ስለሆነ። ያንተ ሌላ ቢሆንም አካሄዱ አንድ ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱ

ይሄን ቶሎ ልለፈው፣ ግን አትዝለለው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ በፈቃድ እንዲያዝ ያዛል። ፈቃዱ የተሰጠው ላንተ ነው፣ ለዚያ ሽጉጥ ነው። ከጓደኛ ጋር «እስቲ ያንተን አንድ ሳምንት ልሞክረው» ብሎ መለዋወጥ የለም። ሌላ ዓይነት መሞከር የምትችለው በሥራህ ሲሰጥህ ወይም በሕጋዊ መንገድ ስትቀይር ነው። ወደ ድሮው ስትመለስ የብረቱ ቁጥርና የወረቀቱ ቁጥር አንድ መሆኑን በዓይንህ አይተህ አረጋግጥ። ፈቃዱ መታደስ ካለበት ሳታሳድስ አትታጠቅ። በአካባቢው ልዩ ክልከላ ከወጣ ደግሞ ክልከላው ይቀድማል፤ ሽጉጡ ቤት ይቆለፋል።

ልዩነቱን በወረቀት ጻፍ

ይህን ሰዎች ይንቁታል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው እላለሁ። አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈል። በአንዱ በኩል ስትታጠቀው የቆየኸውን፣ በሌላው የተመለስክበትን ጻፍ። ከዚያ እጅህ የሚሠራውን እያንዳንዱን ነገር ጠይቅ።

ሴፍቲው የት ነው? ወደ የት ነው የሚከፈተው? ማካሮቭ ላይ ማንሻው በተንሸራታቹ ብረት፣ ሲተኮስ ወደ ኋላ በሚሄደው የላይኛው ክፍል፣ ግራ በኩል ነው። ታች ሲሆን ለተኩስ ክፍት ነው፣ ቀይ ነጥብም ይታያል። ላይ ሲሆን ዝግ ነው፣ ተንሸራታቹም ይቆለፋል። ቤሬታ 92 ላይ ግልባጩ እንደሆነ ነግሬሃለሁ። ግሎክ ጭራሽ በአውራ ጣት የሚከፈትና የሚዘጋ ማንሻ የለውም፤ መጠበቂያው ምላጩ ላይ ነው። ቶካሬቭም ራሱን የቻለ የሴፍቲ ማንሻ የለውም፤ ያለው መዶሻውን ግማሽ መንገድ ላይ የሚይዝ ማቆሚያ ነው። እሱን ደግሞ አትመነው።

አሁን ስህተቱን አስብ። ከቤሬታ የመጣ ሰው ሊተኩስ ሲል አውራ ጣቱን ወደ ላይ ይገፋል። ማካሮቩ እንደተዘጋ ይቀራል። ሲጨርስ ደግሞ ወደ ታች ይጫናል፤ ዘጋሁ ይላል፣ ግን አልዘጋም። ከግሎክ የመጣ ሰው ስህተት ሌላ ነው። ተኩሶ ሲጨርስ ቀጥታ ወደ ማህደሩ ይከተዋል። ግሎክ ላይ የሚያወርደው መዶሻ ስላልነበረ፣ ማካሮቩን እንደተወጠረ ይከተዋል። ሁለቱም የሚደርሱት እኔ የደረስኩበት ቦታ ነው።

ካዝናው እንዴት ይወጣል? ቤሬታና ግሎክ ላይ ከምላጩ ጀርባ ባለው ቁልፍ፣ በአውራ ጣት ነው። ማካሮቭ ላይ ያለው መያዣ ከእጀታው ግርጌ፣ ከኋላ ነው። ሁለተኛው እጅ ካልመጣ አይወጣም።

ምላጩስ? የማካሮቭ የመጀመሪያው ተኩስ ረጅምና ከባድ ነው፤ ምላጩ መዶሻውን ራሱ እየወጠረ ነው የሚሄደው። ከሁለተኛው ጀምሮ አጭርና ቀላል ይሆናል። ግሎክ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ይህን ካልጻፍከው ተኩስ ቦታ ላይ ተበሳጭተህ ሽጉጡን ትወቅሳለህ።

ወረቀቱን ለአንድ ወር ከመቆለፊያ ሳጥኑ ክዳን ውስጠኛ በኩል ለጥፈው።

ብረቱንና ጥይቱን መርምር

ሽጉጡ ተቀምጦ ከነበረ ሳትፈታው አትታጠቀው። መጀመሪያ ካዝናውን አውጣ። ቀጥለህ ተንሸራታቹን ወደ ኋላ ስበህ የበርሜሉን ጉሮሮ፣ ጥይት የሚገባበትን ቦታ፣ በዓይንህ እይ፣ በትንሿ ጣትህም ዳስስ። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። ካዝናው ሳይወጣ ተንሸራታቹን ከሳብክ፣ አንዱን ጥይት አውጥተህ ሌላውን እያስገባህ ነው። «ባዶ መስሎኝ» የሚባለው አደጋ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ከዚያ ፈትተህ አጽዳው። የጎንደር ክረምት እርጥበት አለው፣ ዳገቱም ላብ ያመጣል። ላብ ብረት ይበላል። ከቆዳ ማህደር ውስጥ የኖረ ሽጉጥ ከሆነ ደግሞ የዝገት ነጥብ በብዛት የምታገኘው ሰውነትህን በሚነካው ጎኑ ነው። ዘይቱ ቀጭን ይሁን። ሞላ ካደረግከው አቧራ ይሰበስባል። ማካሮቭን ስትገጥም በበርሜሉ ላይ የሚጠመጠመውን ስፕሪንግ ልብ በል፤ ጠበብ ያለው ጫፍ ነው በርሜሉ ላይ ቀድሞ የሚገባው። ካዝናዎቹንም አትርሳ። ሞልተው ለዓመታት የተቀመጡ ከሆነ የውስጥ ስፕሪንጋቸው ጥይቱን በደንብ መግፋቱን አረጋግጥ።

ጥይት ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። «ዘጠኝ ሚሊ» የሚል ስም ያሳስታል። የማካሮቭ ጥይት 9 በ18 ነው። የቤሬታና የግሎክ 9 በ19 ነው። ልዩነቱ የርዝመት ብቻ አይደለም። የማካሮቭ እርሳስ፣ ከቀለሁ ተለይቶ የሚወጣው ጫፍ፣ ውፍረቱ 9.27 ሚሊሜትር ነው፣ የሌላው 9.01። አንዱ ለሌላው አይሆንም። ሽጉጥ የቀየረ ሰው ቤት ውስጥ ሁለቱም ይኖራሉ፣ ብዙ ጊዜ አንድ መሳቢያ ውስጥ። የማትጠቀምበትን ቤትህ አታስቀምጥ፤ በሕጋዊ መንገድ መልሰው። የቀረውን ባንድ ቦታ፣ ስሙን ጽፈህ አስቀምጥ። ቀለሙ የተቀየረ ወይም ጫፉ የተደፈጠጠ ጥይት ለመታጠቅ አይሆንም።

ባዶ ልምምድ፣ ሁለት ሳምንት

በነዚህ ሁለት ሳምንታት አትታጠቅ። ይህን የምለው እያወቅሁ ነው። እጅህ ገና ሁለት አሳብ እያለው ሽጉጡን ይዘህ ገበያ አትውጣ።

ክፍሉን ምረጥ። ጥይት አንድም እዚያ ክፍል ውስጥ አይኖርም። ሌላ ክፍል ውስጥ ቆልፈህ ነው የምትገባው። አፈ ሙዙን የምታዞርበትን ግድግዳ አስብበት። ብዙዎቻችን የምንኖረው ጭቃ ቤት ውስጥ ነው። ጭቃና እንጨት ጥይት አያቆምም፤ ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ የጎረቤት መኝታ ነው። የድንጋይ ግድግዳ ከሌለህ አሸዋ የሞላባቸውን ጆንያዎች ደርድርና ወደ እነሱ ተለማመድ። ልጆች ውጭ ይሁኑ። ስልክህን ዝጋ።

ስትጀምር ሽጉጡን መርምረህ ጮክ ብለህ «ባዶ ነው» በል። ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ ከማን ጋር ነው የሚያወራው ብላ ነበር። ጮክ ብሎ መናገር ግን ሐሳብን ከእጅ ጋር ያገናኛል።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት አውራ ጣት ብቻ አስተምር። ሽጉጡን ይዘህ፣ ጠቋሚ ጣትህን ከምላጩ ውጭ በጎኑ ላይ ዘርግተህ፣ ማንሻውን ታች፣ ላይ፣ ታች፣ ላይ። በየጊዜው በአፍህ በለው፤ «ታች ተኩስ፣ ላይ ዝግ»። በቀን ሃምሳ ጊዜ። አትቸኩል። ማንሻውን ወደ ላይ ባነሳህ ቁጥር መዶሻውን በዓይንህ እይ። እኔን ያስደነገጠኝን ነገር የሚከላከልልህ ይህ ማየት ነው።

በአራተኛው ቀን ምላጩን ጨምር። ያንን ረጅም የመጀመሪያ ስበት ማነጣጠሪያው ሳይንቀጠቀጥ መጨረስ አለብህ። የአንድ ብር ሳንቲም ከፊተኛው ማነጣጠሪያ ኋላ፣ ተንሸራታቹ ላይ አስቀምጥና ሳትጥለው ሳብ። መጀመሪያ ላይ ይወድቃል። ከሳምንት በኋላ መውደቁ ይቀንሳል። ለባዶ ልምምድ የተሠራ የፕላስቲክ ጥይት ካገኘህ፣ ጥይቱን ለሚወጋው መርፌ ጥሩ ነው።

ከዚያ ካዝና መቀየር፣ በባዶ ካዝና። አምስት ደቂቃ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ሳምንት ከማህደር ማውጣትና መመለስ ነው። ማውጣቱን ሁሉም ይወደዋል፣ ፊልም ላይ ያለው እሱ ስለሆነ። እኔ የምጨነቀው ለመመለሱ ነው። ሲመለስ የሚያስቸኩልህ ማንም የለም። ጣት ውጭ፣ ማንሻ ላይ፣ መዶሻ መውረዱን እይ፣ የልብስህን ጠርዝ በሌላው እጅህ ሰብስብ፣ ቀስ ብለህ ክተት። አንዴ ለማውጣት ሁለት ጊዜ ለመመለስ ተለማመድ።

ስትጨርስም ጮክ ብለህ «ልምምድ አለቀ» በል። ከዚያ በኋላ «አንዴ ብቻ ልድገም» የለም። ጥይቱ ከተመለሰ ወዲያ የሚደገመው ያ አንዴ ነው የሚባርቀው።

ተኩስ ቦታ

የሚፈቀድበት ቦታ ብቻ። ጫካ ገብቶ፣ ወንዝ ዳር ወርዶ፣ ወይም የሰርግ ሆታ ውስጥ ወደ ሰማይ መተኮስ ልምምድ አይደለም። ወደ ላይ የወጣ ጥይት ይወርዳል፣ የሚወርድበትንም አታውቀውም።

በአምስት ሜትር ጀምር። ካዝናው ውስጥ ሁለት ጥይት ብቻ አስገባ። ተንሸራታቹን ስበህ ጥይት ካስገባህ በኋላ ማንሻውን ወደ ላይ አንስተህ መዶሻውን አውርድ፣ ከዚያ ለተኩስ ወደ ታች መልሰው። የመጀመሪያው በከባዱ ምላጭ፣ ሁለተኛው በቀላሉ ይወጣል። ካዝናው ባዶ ስለሆነ ተንሸራታቹ ወደ ኋላ እንደቆመ ይቀራል፤ ዝጋው። ወዲያው ማንሻ ላይ፣ መዶሻ እይ፣ መልስ። ሁለት ሁለት እያልክ ቀጥል። ስድስት ሰባት ጥይት በተከታታይ ብታወጣ ገንዘብህም ያልቃል፣ የሚያስፈልግህን ሽግግርም አንዴ ብቻ ነው የምታገኘው። የመጀመሪያው ጥይት ከዒላማው በታችና በግራ ቢያርፍ አትገረም፤ በቀኝ እጅ ለሚተኩስ ከባድ ምላጭ ላይ የተለመደ ነው። መድኃኒቱ ማነጣጠሪያውን መቀየር አይደለም፣ ወደ ሳንቲሙ መመለስ ነው።

የኔ ልክ ሃምሳ ጥይት ነው። ሃምሳ ጥይት ያለ አንድ እንከን ካልወጣ አልታጠቀውም። ቀለህ ከተቀረቀረ ወይም ጥይት ሳይገባ ከቀረ የትኛው ካዝና እንደነበር ምልክት አድርግ። ችግሩ ብዙ ጊዜ ከካዝናው ነው። በሁለቱም ካዝና ከተደጋገመ ብረቱን ለሚያውቅ ባለሙያ አሳይ፣ ራስህ በሞረድ አትንካው።

ማህደርና ልብስ

የቤሬታው ማህደር ለማካሮቭ አይሆንም። ይሰፋል፣ ሽጉጡም ውስጡ ይዞራል። ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ አፉ የማይታጠፍ ማህደር ይኑርህ። ኪስ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ወይም ዝም ብሎ ቀበቶ ውስጥ መሻጥ በጭራሽ።

ጋቢ ለጎንደር ጠዋት ጥሩ ልብስ ነው፣ ለታጠቀ ሰው ግን ያስቸግራል። ሽጉጡን ይሸፍናል፣ እጅህንም ይይዛል፣ ጠርዙም ማህደር ውስጥ ይገባል። ጋቢ የምትለብስ ከሆነ ባዶ ልምምድህን ጋቢ ለብሰህ ሥራ። ከዚያ በኋላ ምናልባት እንደኔ ጃኬት ትመርጣለህ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተማ ውስጥ

ፍተሻ ላይ ስትደርስ ቀድመህ ተናገር። እጅህን ከሰውነትህ ራቅ አድርገህ፣ «በፈቃድ የታጠቅሁ ነኝ፣ በቀኝ ጎኔ ነው፣ ምን ላድርግ?» በል። ሽጉጡን ራስህ አታውጣ። ወረቀቱን ለማውጣትም ቢሆን ቀድመህ ንገራቸው።

ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ቤት ትተኸው ሂድ። ጥምቀት ጥር 11 ላይ የፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ሕዝቡ ትከሻ ለትከሻ ነው የሚቆመው። እዚያ ግፊያ ውስጥ ወገብህን ማን እንደነካው አታውቅም። ሽጉጥ ቦታው አይደለም። ትምህርት ቤትም፣ ሆስፒታልም እንዲሁ። «እስክመለስ ያዝልኝ» ብለህ ባለ ሱቅ ጋ መተውም የለም፤ ፈቃዱ ያንተ እንጂ የሱ አይደለም።

ጠጅ ወይም ጠላ የምትቀምስበት ቀን ሽጉጥ የምትታጠቅበት ቀን አይደለም። አንድ ብርሌም ብትሆን። ሰው ሊያናድድህ እንደሚችል የምታውቀው ቦታም እንደዚያው ነው። የድንበር ክርክር ላይ፣ የውርስ ሽምግልና ላይ ታጥቀህ አትቀመጥ። ሽማግሌዎቹ ባያዩትም አንተ ታውቀዋለህ፣ ድምፅህም ይቀየራል።

ማታ ቤት ስትገባ

አንድ ቦታ ምረጥ፣ ሁልጊዜ እዚያው አራግፍ። እኔ ጋ መኝታ ቤቱ ጥግ ላይ አሸዋ የሞላ ባልዲ አለ። አፈ ሙዙ ወደ ባልዲው፣ ካዝና ውጭ፣ ሴፍቲ ታች፣ ተንሸራታች ወደ ኋላ። ማካሮቭ ሴፍቲው ዝግ እያለ ተንሸራታቹ አይሳብም፤ ስለዚህ ስታራግፍ ማንሻው ታች መሆን አለበት። ይህ ሰዓት ነው ጣት ከምላጭ መራቅ ያለበት። የወጣውን ጥይት ቁጠር። ስምንት ከነበረ ካዝናው ውስጥ ያለው ሰባት ነው፣ አንዱ እጅህ ላይ ነው። ካልሞላ ሳትተኛ ፈልገው።

ሽጉጡ ለብቻ ይቆለፋል፣ ጥይቱ ለብቻ። ቁልፉ አንገትህ ላይ ወይም ልጆች በማያውቁት ቦታ። ትራስ ሥርና ቁም ሳጥን ላይ ልጆች የማያውቁት ቦታ አይደሉም። የቆዳ ማህደሩን ከሽጉጡ ለይተህ ስቀለው፣ ላቡ ይድረቅ። ክረምት ላይ ሽጉጡን በደረቅ ጨርቅ ጠረግ አድርገህ ነው የምታስገባው። ከዚያ ሳጥኑን ስትዘጋ ክዳኑ ላይ የለጠፍካትን ወረቀት አንዴ አንብባት።